ካርዱን ተዪው፣ ዶንግሏን እናስደውላት

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ሄርማታ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አጎቴ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበታል። ከጀርባው የስልክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ስላለው የቤቱን መስመር ሰካሁበት፤ እስካሁን እንደተሰካ ነው፤ ምንም የለም። ሲም የሚገባባት የዩኤስቢ ኢንተርኔት ዶንግልም አለችኝ። እሷን ስሰካ ደግሞ ሲዲ ነው ብሎ ያሳየኛል እንጂ ኢንተርኔት የለም። በጓደኛዬ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ግን ትሠራለች። ሰዉ ሁሉ ‹ሊኑክሱን አጥፊና ዊንዶውስ ጫኚ› ይለኛል። ላጥፋው?»

አታጥፊው እህቴ። ዶንግሏ በሊኑክስም ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ልትጨርሺው ትችያለሽ። የስልክ ቀዳዳው ያለበት የሞደም ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ተስፋ ባታደርጊው ይሻላል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ምክንያቱን ካወቅሽ ዶንግሏን ማሠራትም ይቀልሻል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ትእዛዞቹን ሲጠሩ እንደሚሰሙት በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው። በሰረዝ የለያየኋቸውን ፊደሎች አንቺ በላቲን ፊደል ገጣጥመሽ ትጽፊያቸዋለሽ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በትንንሹ ፊደል፣ ሞደሙን ስታናግሪ በትልልቁ። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም።

የሞደም ሥራ አስተርጓሚነት ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። የስልክ መስመር ደግሞ ለሰው ድምፅ የተሠራ ነው፤ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ያሳልፋል፣ ሌላውን ይተወዋል። ሞደሙ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ ከወዲያ የመጣውን ድምፅ ወደ ቁጥር ይመልሳል። ኢንተርኔት ለአገራችን ሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያ ዘመን የተጠቀመ ሰው ጩኸቱን አይረሳውም፤ መጀመሪያ ሲጢጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ሹሹ ይላል። ሁለት ሞደሞች በምን ፍጥነት እንነጋገር ብለው ሲስማሙ ነው እንዲያ የሚጮኸው።

የድሮው ሞደም የራሱ አንጎል ነበረው። የማስተርጎሙን ሥራ በሙሉ በራሱ ቺፕ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ «ደውል» ካለው በቂ ነው። ኋላ አምራቾቹ ዋጋ ለመቀነስ ቺፑን አወጡት። ሥራውን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሰጡትና የሚሠራበትን ሶፍትዌር ለዊንዶውስ ብቻ ጻፉለት። ዊንሞደም የሚባለው ይህ ነው። ያለ ሶፍትዌሩ ካርዱ ቀዳዳና ጥቂት ሽቦ ነው። ዴስክቶፕ ውስጥ ተገጥመው የመጡት አብዛኞቹ ካርዶች ዊንሞደም ናቸው።

ለሊኑክስ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አልተሠራም ማለቴ አይደለም። ለአንዳንዶቹ ተሠርቷል። ለኮኔክሳንት ቺፕ ሊኑክሳንት የሚባል ኩባንያ ያወጣው ድራይቨር ነበር፤ በነፃ የሚሰጠው ግን በ14.4 ኪሎቢት ላይ የተገደበ ነው፣ ሙሉውን በገንዘብ ነበር የሚሸጠው። ሌሎቹም ቢሆኑ ለድሮ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት ማለት ነው) የተጻፉ ናቸው። እኔ ራሴ ጅማ ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ስሠራ በእንዲህ ያለ ካርድ ሁለት ሌሊት አድሬበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ተገናኘ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ምሳ ጋበዘኝ። በሳምንቱ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩ አብሮ ጠፋ። ምሳው ግን ተበልቷል።

ያንቺ ካርድ ምን እንደሆነ ለማየት ተርሚናል ክፈቺና ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ብለሽ ኤንተር ምቺ። ሞደም የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልጊ። ሶፍት ሞደም ወይም ኤች-ኤስ-ኤፍ የሚል ካለበት ነገሩ አልቋል፤ ዊንሞደም ነው።

በስልክ መስመር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትዪ ከሆነ መንገዱ ከውጭ የሚሰካ፣ የራሱ ቺፕ ያለው ሞደም መፈለግ ነው። ዩኤስ ሮቦቲክስ 5637 የሚባለው የዩኤስቢ ሞደም እንዲህ ያለ ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ቲ-ቲ-ዋይ-ኤ-ሲ-ኤም-0 በሚል ስም ይወጣል። ግን ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ቴሌ ሄደሽ ጠይቂ። ሞደም የሚደውልለት ያስፈልገዋል። የሚደወልበትን ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ የሚሰጥሽ ከሌለ ምርጥ ሞደም ብትገዢም የሚያናግረው አያገኝም። የቤቱ ስልክ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ከግድግዳ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መሆን አለበት። ሲም የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ ከሆነ እርሺው። እሱ ለሰው ንግግር ብሎ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው፤ የሞደም ጩኸት ሲጨመቅ ትርጉሙ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ፍጥነቱን አስቢው። ቪ-90 የሚባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ጣሪያው ለማውረድ 56 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ለመላክ 33.6 ነበር። በተግባር ከዚያም ያንሳል። ደንበኛሽ 3 ሜጋባይት የሆነ ስካን «በኢሜይል ላኪልኝ» ብሎ ቆመ እንበል። 13 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀበናው ተጥዶ ከነበረ አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል፣ ሰውዬው ገና ቆሟል።

ስለዚህ ወደ ዶንግሏ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ዶንግሏ ራሷ ዳያል አፕ (እየደወሉ ኢንተርኔት መግባት) ናት። ስትገናኝ ትደውላለች። የምትደውለው ኮከብ 99 መሰላል ነው፤ እንደ ቀሪ ሂሳብ መጠየቂያው ቁጥር ማለት ነው። የምትታዘዘውም ሄይስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለስማርትሞደሙ ባወጣው ቋንቋ ነው። ሁሉም ትእዛዝ ኤ-ቲ ብሎ ይጀምራል። ከተደወለ በኋላ መረጃው የሚያልፍበት ፒ-ፒ-ፒ የሚባለው ደንብም የድሮው የስልክ ሞደም ደንብ ነው። ስለዚህ ስለ ዳያል አፕ የተጻፈ አሮጌ ምክር ብታገኚ አትናቂው፤ ግማሹ ላንቺም ይሠራል።

ሞደም ሲያስቸግር የምሠራው በአንድ ዘዴ ነው። ወሬው የት ላይ እንደተቋረጠ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩ ዶንግሏን ያያታል? ካያት ያናግራታል? ካናገራት ሲሙን ታውቀዋለች? ካወቀችው ትደውላለች? ከደወለች ኢንተርኔቱ ያልፋል? በቅደም ተከተል ነው የሚጠየቀው። አራተኛው ላይ ያለ ችግርን አንደኛው ላይ የሚፈልግ ሰው ነው ኋላ ሊኑክሱን የሚያጠፋው።

ያንቺ ችግር ገና አንደኛው ላይ ነው። ሲዲ ነው ብሎ ያሳየሽ ተሳስቶ አይደለም፤ ዶንግሏ እውነትም ሲዲ ነኝ ብላው ነው። አምራቹ የዊንዶውስ ሶፍትዌሩን ዶንግሏ ውስጥ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ስትሰካ ሲዲ መስላ ትቀርባለች፣ ዊንዶውስ ሶፍትዌሩን ይጭናል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ «አሁን ሞደም ሁኚ» ይላታል። ለዚህ ነው የጓደኛሽ ላፕቶፕ ላይ የሠራችው። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚነግራት ዩ-ኤስ-ቢ-ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ ከሚንት ጋር አብሮ ይመጣል። ከሌለ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ላይ ፈልገሽ ጫኚው።

«ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ እኔ የምለፋው ደግሞ ለኢንተርኔት ነው» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ለአሥር ደቂቃ ስልክሽን ተዋሺ። አንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ብታበሪ ሚንት ወዲያው ይገናኛል። ታዲያ በዚያው ለምን አልቀጥልም ካልሽ፣ ስልክሽ ምሳ ስትወጪ አብሮሽ ይወጣል፤ ዶንግሏ ግን ሱቁ ውስጥ ትቀራለች።

አሁን ዶንግሏን ሳትሰኪ ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ በዪ። ከዚያ ሰክተሽ፣ ግማሽ ደቂቃ ታግሠሽ፣ ድገሚው። አዲስ የመጣው መስመር እሷ ናት። በ12ዲ1 ከጀመረ ሁዋዌ ነው፣ በ19ዲ2 ከጀመረ ዜድ-ቲ-ኢ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚያስፈልግሽ። ለምሳሌ አንዳንድ ሁዋዌዎች ሲዲ ሆነው ሳሉ 1446 ያሳያሉ። ሞደም ሲሆኑ ቁጥሩ ይለወጣል። ካልተለወጠ የሲዲውን ምልክት በቀኝ በኩል ተጭነሽ ኢጀክት በዪው፤ አንዳንዶቹ በዚህ ብቻ ወደ ሞደምነት ይዞራሉ።

ከተለወጠ ሱዶ (ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ፤ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስፈጽም ቃል ነው) ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ በዪና መጨረሻው አካባቢ ቲ-ቲ-ዋይ-ዩ-ኤስ-ቢ-0፣ 1፣ 2 የሚል ፈልጊ። እዚህ ላይ ቲ-ቲ-ዋይ በትንሹ፣ ዩ-ኤስ-ቢ በትልቁ ፊደል ነው። ሦስት በር ከፍታለች ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚደወልበት በር 0 ነው።

በሮቹ ካልወጡና በምትኩ አዲስ የኔትወርክ ካርድ ብቅ ካለ አብሽሪ። ከአዳዲሶቹ ዶንግሎች መካከል ራሳቸው ደውለው ኢንተርኔቱን እንደ ኬብል የሚያቀብሉ አሉ። ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ብለሽ ሞክሪ። ገጽ ከተከፈተልሽ የቀረውን አታንብቢ፤ እዚያው ላይ ትጨርሻለሽ።

በሮቹ ካሉ ቀጥሎ ፈቃድ ነው። ሚንት ላይ ሞደም እንዲያናግር የተፈቀደለት ዳያልአውት የሚባለው ቡድን አባል ነው። ሱዶ አድዩዘር (ኤ-ዲ-ዲ-ዩ-ኤስ-ኢ-አር) ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ የራስሽን የተጠቃሚ ስም፣ ክፍተት ትተሽ ዳያልአውት (ዲ-አይ-ኤ-ኤል-ኦ-ዩ-ቲ) ጻፊ። ከዚያ ሎግ አውት ብለሽ ግቢ። ይህን ሳያደርጉ «ፈቃድ የለህም» አለኝ ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው።

አሁን እናናግራት። ሚኒኮም የሚባል ፕሮግራም አለ፣ እሱንም በስልኩ ኢንተርኔት ጫኚው። ግን ሞደም ማኔጀር የሚባል ከጀርባ የሚሠራ አገልግሎት በሩን ይዞት ሊሆን ይችላል። በአንድ በር ሁለት ሰው ሲናገር ማንም አይሰማም። ለጊዜው ሱዶ ሲስተም-ሲ-ቲ-ኤል ስቶፕ ሞደምማኔጀር ብለሽ አስቁሚው፤ በስሙ ውስጥ ኤም ሁለቱም ቦታ ላይ ትልቅ ናት። ከዚያ ሚኒኮም ሰረዝ ዲ ብለሽ የበሩን ስም ከነ ፎልደሩ ስጪው፤ ፎልደሩ ዴቭ ነው። ዲ-ዋ ትልቋ ናት።

ባዶ ስክሪን ይመጣል። ኤ-ቲ ብለሽ ኤንተር ምቺ። ኦኬ ካለችሽ ትልቁን አልፈሻል። እኔ እስካሁን ይቺን ኦኬ ሳይ ደስ ይለኛል። ዝም ካለች ሌላኛውን በር ሞክሪ።

ኦኬ ካለች ሦስት ነገር ጠይቂያት። ኤ-ቲ መደመር ሲ-ፒ-አይ-ኤን ጥያቄ ምልክት በዪ። ሬዲ ካለች ሲሙ ደህና ነው፤ ፒን ከጠየቀች ሲሙን ስልክ ላይ አስገብተሽ የፒን ቁልፉን አጥፊው። ኤ-ቲ መደመር ሲ-ኤስ-ኪው ስትዪ ከ0 እስከ 31 ቁጥር ትሰጥሻለች። የኔትወርኩ ጥንካሬ ነው። 99 ካለች ጭራሽ አልሰማችም። ከ10 በታች ከሆነ ትገናኝ ይሆናል እንጂ ትቆራረጣለች። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ሱቅ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝተሽ ዶንግሏን በሩ ወይም መስኮቱ ጋ አውጫት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ታያለሽ። ሦስተኛው ኤ-ቲ መደመር ሲ-አር-ኢ-ጂ ጥያቄ ምልክት ነው። መጨረሻው 1 ወይም 5 ከሆነ ኔትወርኩ ተቀብሏታል።

ከሚኒኮም ለመውጣት ኮንትሮልና ኤ የሚለውን ፊደል አብረሽ ተጫኚ፣ ልቀቂ፣ ከዚያ ኤክስን። ይህን ባለማወቅ ኮምፒውተሩን ከሶኬት የነቀለ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ አሁን እየጻፈልሽ ነው።

መደወሉ ቀላል ነው። ሞደም ማኔጀርን ስታርት ብለሽ መልሺው፤ ለዚህኛው ሥራ ያስፈልግሻል። ታች ጥግ ላይ ካለው የኔትወርክ ምልክት ገብተሽ አዲስ የሞባይል ብሮድባንድ ግንኙነት ፍጠሪ። አገር ኢትዮጵያ። ኤ-ፒ-ኤን (የኩባንያው የኢንተርኔት መግቢያ ስም) ሲልሽ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም ኢ-ቲ-ሲ ነጥብ ኮም ነው። ኢ-ቲ-ሲ የቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምህጻር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ተብሏል፣ ፊደሎቹ ግን እዚህ ቀርተዋል። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ባዶ ተዪው። ሲሙ የሌላ ኩባንያ ከሆነ ኤ-ፒ-ኤኑን እነሱን ጠይቂ።

በዚህ እምቢ ካለሽ ደብሊው-ቪ-ዳያል የሚባል የድሮ መሣሪያ አለ። የማስተካከያ ፋይሉ ኢ-ቲ-ሲ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ ከቴሌው ጋር አይገናኝም፣ ፊደሉ ገጥሞ ነው። ፋይሉ ላይ በሩን፣ ኤ-ፒ-ኤኑንና የሚደወለውን ኮከብ 99 መሰላል ትጽፊያለሽ። ስምና ፓስወርድ ባዶ ሲሆን ያኮርፋል፣ ስለዚህ የፈለግሽውን ቃል ስጪው። ስቱፒድ ሞድ የሚል መስመር ደግሞ አለ፣ እኩል ይሆናል 1 በዪው። «ብዙ አትጠይቅ፣ እንደተገናኘህ ቀጥታ ፒ-ፒ-ፒውን ጀምር» ማለት ነው። ስሙ ይህ ሆኖ ነው እንጂ ከሁሉም የሚረዳው እሱ ነው። ይህን መንገድ ስትከተዪ ሞደም ማኔጀር እንደገና መቆም አለበት።

ደውላ ኖ ካሪየር ካለች ወይ ኤ-ፒ-ኤኑ ተሳስቷል፣ ወይ ሲሙ ላይ ሂሳብ ወይም የዳታ ጥቅል የለም። ሁለተኛውን ቀድመሽ አጣሪ። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ፋይል ሳስተካክል ውዬ ሲሙ ላይ አምስት ሳንቲም አልነበረም።

ኮኔክት ብላ ገጽ ካልከፈተች ፒንግ ብለሽ ክፍተት 8.8.8.8 ጻፊ። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲ-ኤን-ኤስ ነው የጎደለው። በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ ዲ-ኤን-ኤስ የሚለው ቦታ ላይ ያንኑ 8.8.8.8 አስገቢ። መልስ ካልመጣ ሌላ የኔትወርክ ገመድ ወይም ያ ቴዘሪንግ የሚያደርገው ስልክ እንደተሰካ እንደሆነ እዪ። ኮምፒውተሩ በድሮው መንገድ ልውጣ እያለ ሊሆን ይችላል።

የመዳብ መስመርና እውነተኛ ሞደም ኖሮት ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ሁለት ቃል ብቻ። ስልኩ እየሰራ ሞደሙ «ዳያል ቶን የለም» ካለ ኤ-ቲ-ኤክስ-3 በለው፤ ቶኑን ሳይጠብቅ ይደውላል። የአገሩ ቶን ሞደሙ ከሚያውቀው ሲለይ እንዲህ ይሆናል። ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 0 በሚጫኑበት ቢሮ ከሆንክ ደግሞ ከ0 ቀጥሎ ኮማ አድርግ። ኮማ ለሞደም ሁለት ሰከንድ ያህል ትንፋሽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስና፣ «እስካሁን እንደተሰካ ነው» ያልሽው የስልክ ገመድ ነው ያሳሰበኝ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ነው መብረቁን ይዞ የሚመጣው። መብረቅ በስልክ ሽቦ ይገባል። በሽቦው ሄዶ ካርዱ ላይ፣ ከካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ያርፋል። ያ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር የተቃጠለብን መብራቱን አጥፍተን፣ የኃይል ገመዱን ነቅለን፣ የስልኩን ግን ረስተነው ነው። ካርዱ አይሠራልሽም፤ ገመዱ እዚያ የሚያመጣልሽ ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነው። ዶንግሏ እስክትገናኝ አትጠብቂ። ገመዱን አሁኑኑ ንቀይውና ለስልኩ መልሺለት። ዶንግሏ ደግሞ እምቢ ካለችሽ የኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢውን መስመርና ለሦስቱ ጥያቄዎች የሰጠችሽን መልስ ጽፈሽ ላኪልኝ።